ቀጥ ያለ ጉድጓድ፦ የመሬት መከታተያ ቁፋሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ

የመሬት መከታተያ ጉድጓድ ውሃ አይቀዳበትም፤ መሣሪያ ይገባበታል። ፒዞሜትር ከመሬት በታች ያለውን የውሃ ግፊት ይለካል። ኢንክሊኖሜትር ደግሞ ተዳፋቱ ወደ ጎን እየተንሸራተተ እንደሆነ ይናገራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ዝም ብሎ የቆመ የሚመስል ተዳፋት ምን እንደሚያደርስ አይተናል። ስለዚህ ይህ ሥራ ችላ የሚባል አይደለም።

ፒዞሜትርን የጉድጓዱ ትንሽ ማዘንበል ብዙም አይጎዳውም። ኢንክሊኖሜትርን ግን ይጎዳዋል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የኢንክሊኖሜትር ቱቦ ውስጡ ከላይ እስከ ታች የወረዱ አራት ቦዮች አሉት። ባለ ጎማው መለኪያ በእነሱ ላይ እየተንሸራተተ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ያነባል። ከዚያ ዞሮ ይገባና እንደገና ያነባል፤ የመሣሪያው የራሱ ስህተት በዚህ ይጣፋል። የሚታየው ከመጀመሪያው ንባብ ጋር ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ትንሽ ቢያዘነብል ምን አለበት ያሰኛል። ነገር ግን ማዘንበሉ በጨመረ ቁጥር ሌሎች ትንንሽ ስህተቶች ይገዝፋሉ፤ የሌለ እንቅስቃሴም ያሳያሉ። 1 ዲግሪ ያዘነበለ ጉድጓድ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ከቦታው 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የምንፈልገው እንቅስቃሴ ደግሞ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው።

የከተማዋ ዳርቻ መሬት ለቆፋሪ አይመችም። በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ የሪጉ (የመቆፈሪያው ማሽን) አንድ እግር ሥራው መሃል ላይ ሊሰምጥ ይችላል፤ ስለዚህ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍለታል፣ ልኩም ደጋግሞ ይታያል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ችግሩ ሌላ ነው። ጠንካራው ድንጋይና የበሰበሰው ይፈራረቃሉ። ቢቱ (የመቆፈሪያው ጫፍ) ከለስላሳው ወጥቶ ዘንበል ያለ ድንጋይ ሲነካ መንገዱን ይስታል።

ጉድጓዱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ከአፉ ነው። የሪጉ ምሰሶ ቀጥ ማለቱ በሁለት ጎን፣ በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ቀስ ተብለው ይቆፈራሉ፣ ከዚያ ኬሲንግ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ቧንቧ፣ ይገባል። ቢቱን የያዘውን ዘንግ ከላይ በኃይል መጫን ያጎብጠዋል፤ ክብደቱ ከታች ቢቱ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። በሜትር የሚከፈለው ቆፋሪ መቸኮሉ አይቀርም። ስለዚህ የጉድጓዱ ቀጥታነት በየስንት ሜትሩ እንደሚለካ ቀድሞ ውል ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ቀጥ ያለ ጉድጓድም በመጨረሻው ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ተበጥብጦ በቱቦው ዙሪያ ሲሞላ ቱቦው ይንሳፈፋል። ከላይ ተጭነው ከያዙት እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ውስጡን ውሃ መሙላት፣ ካስፈለገም ከታች ክብደት ማሰር ይሻላል። አንዱ ጥንድ ቦይ መሬቱ ይንሸራተትበታል ወደተባለው አቅጣጫ ይዞራል። የቱቦው ግርጌም ከሚንሸራተተው አፈር አልፎ የማይነቃነቅ መሬት ውስጥ ጥቂት ሜትር መግባት አለበት፤ ስሌቱ በሙሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሙሌቱ ሲጠነክር መነሻ ንባቡ ደጋግሞ ይወሰዳል። አፉ ላይም የሚቆለፍ ክዳን ይደረግለታል፤ አንዲት ጠጠር ከገባችበት መለኪያው አያልፍም።