የአሮጌ መኪና የአየር ፖምፓ ይነቀል? በጅማ የሚባለውና እውነታው

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች፣ ለምሳሌ ባለ 2ኤፍ ሞተር ላንድክሩዘር፣ ከሞተሩ ፊት በቺንጋ የሚዞር ተጨማሪ ፖምፓ አላቸው። ንጹሕ አየር ስቦ በቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ወደሚሰበስበው ብረት፣ ይነፋል። ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አየሩን ሲያገኝ እዚያው ትኩስ ጭስ ውስጥ ይቃጠላል። መኪናው ባስቸገረ ቁጥር ቀድሞ የሚፈረድበት ይኸው ፖምፓ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

«ጉልበትና ቤንዚን ይበላል፤ ቢነቀል መኪናው ይበራል»

ደህና ፖምፓ በእጅ ሲያዞሩት ያለ ችግር ይዞራል። ከሞተሩ የሚወስደው ቢበዛ አንድ ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው፤ ነጂው ልዩነቱን አያውቀውም። ቤንዚን ይበላል የሚለውም ውኃ አያነሳም፤ ሥራው ከጭስ ማውጫው ጋር እንጂ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራቶር ጋር አይደለም።

ጅማ ላይ ቤንዚን የሚበላው ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በ20 በመቶ አካባቢ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ የአየር ማጣሪያውን፣ ሳይከፈት የቀረ ቾክን፣ ከዚያ ዋናውን ጂግለር (የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ) ማየት ነው። ቤንዚን በበዛበት ሞተር ላይ ደግሞ ፖምፓው ይበልጥ ያስፈልጋል።

«ቁልቁለት ላይ የሚያፈነዳው ፖምፓው ነው»

ከሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሳ ማርሚታው ውስጥ «ጧ!» የሚለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ በኃይል ስለሚስብ ቤንዚን በዝቶ፣ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። የፖምፓው አየር ከተጨመረበት ይፈነዳል። ይህን ለመከላከል ነው ከፖምፓው ቀጥሎ አንድ ቫልቭ የተቀመጠው፤ እግር ሲነሳ አየሩን ለጥቂት ሰኮንድ ወደ ውጭ ይለቀዋል።

መፈተሹ ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስቶ እጅን ከቺንጋው አርቆ የቫልቩ መተንፈሻ ላይ ማድረግ፣ ሌላ ሰው ቤንዚን ሰጥቶ በድንገት እንዲለቅ ማድረግ። በለቀቀ ቅጽበት አየሩ እጅ ላይ ካልመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቀጭኗ የቫኪዩም ጎማ ናት። ከሙቀት የተነሳ ጫፏ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጫፏን ቆርጦ መልሶ መሰካት ወይም መቀየር ይበቃል። ጎማዋ ደህና ከሆነች ቫልቩ ይቀየራል። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያውን የሚደፍነው ስስ ንጣፍ) ከተበላም ከዚያ የሚገባው አየር ያው ፍንዳታ ያመጣል፤ ፖምፓውን ነቅለውትም ፍንዳታው የማይቀረው ለዚህ ነው።

«ከጮኸ ዘይት ጠብ ማድረግ»

በፍጹም። ውስጡ ያሉት የካርቦን ምላሶች በደረቁ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ ዘይት አቧራ ይይዝና ያጣብቃቸዋል። ጩኸቱ የኩሽኔታ ነው ወይስ የቺንጋ መላላት፣ ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንድ በማስነሳት ይለያል። ቺንጋው የውኃ ፖምፓውንም የሚያዞር ከሆነ ቶሎ ማጥፋት ነው። ቺንጋ ሲወጠርም የፖምፓውን ገላ በብረት መፈልቀቅ አይገባም፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል።

«ቺንጋውን ቆርጦ መተው ይበቃል»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በቱቦውና በማኒፎልዱ መካከል ጭስ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለ። ይህ በዝገት ከተበላ ትኩሱ ጭስ ወደ ኋላ ሄዶ ጎማውን ያቃጥላል፤ ኮፈን ሥር የተጠራቀመው ጭስም በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ መቀመጫው ይገባል።

መነቀሉ ግድ ከሆነ በሙሉ ይነቀል። ከዚያ በፊት ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ችግር እንደማይሆን መርማሪዎቹን መጠየቅ ይሻላል። ማኒፎልዱ ላይ የተጠመዱት የአየር ቧንቧዎች ዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶባቸው ሲያድሩ ይላላሉ፤ በጉልበት ከሄዱ ክሩ ይበላል፣ ወይም ቧንቧው እዚያው ይቆረጣል። ቀዳዳዎቹ ክሩ ልክ በሆነ የብረት ወይም የነሐስ ቡሎን ይደፈናሉ። ጎማና ፕላስቲክ ቀልጦ ይወጣል። ቀጭኗ የቫኪዩም ጎማ ሞተሩ ላይ የምትሰካበት ቀዳዳ ክፍት ከቀረ አየር እየሳበ ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይሰጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ያዛባዋል። የፖምፓውን መያዣ አስረው የነበሩት ቡሎኖች ረጃጅም ስለሆኑ ያለ መያዣው ሲታሰሩ ጥግ ደርሰው ሳይጠብቁ ይቀራሉ፤ አጠር ባለ መተካት ነው።

«ካታላይዘሩ ከወጣ ፖምፓው ሥራ የለውም»

አሜሪካ ውስጥ ፖምፓው በካሊፎርኒያ መኪኖች ላይ የገባው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጭስ የሚያጣራው ካታላይዘር በብዛት የመጣው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ። ብቻውንም ይሠራል ማለት ነው።

«ጭሱ ካልጠቆረ ንጹሕ ነው»

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በጅማ ክረምት ዝናቡን ሽሽት የጋራዥ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ሰው ይገድላል፤ ፖምፓው ኖረም አልኖረም።

«የተነቀለው ዕቃ ቁራጭ ብረት ነው»

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ገና ብዙ ዘመን ይነዳል። ፖምፓው፣ መያዣው፣ ረጃጅም ቡሎኖቹና ቫልቮቹ በአንድ ማዳበሪያ ታስረው ይቀመጡ፤ መልሶ ለመግጠም ሲፈለግ ከፖምፓው ይልቅ የሚጠፋው መያዣው ነው።