የኢኮኖሚ ሁኔታ በታዳጊ አገሮች የሆቴል ፍላጎት ላይ ያለው ተጽዕኖ

በታዳጊ አገሮች ትልልቅ ከተሞች ከሚያድሩ የሆቴል እንግዶች ብዙዎቹ ሒሳባቸውን ከራሳቸው ኪስ አይከፍሉም። የመንግሥት ሠራተኛው በውሎ አበሉ፣ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያው በፕሮጀክቱ በጀት፣ የማዕድን ወይም የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሱም በአሠሪው ወጪ ያድራል። ስለዚህ የክፍሎች ፍላጎት ከነዋሪው ገቢ ይልቅ ጉዞውን የሚያዘው አካል ካለው ገንዘብ ጋር ይበልጥ የተቆራኘ ነው፤ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ዕድገት ብቻ ተመልክቶ ሆቴል የሚገነባ ባለሀብትም በቀላሉ ይሳሳታል።

ለዚህ የነዳጅ ላኪ አገሮች ተሞክሮ ግልጽ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ፣ የዘርፉ ኩባንያዎች ሠራተኛና ጉዞ በመቀነሳቸው በአንጎላዋ ሉዋንዳና በናይጄሪያዋ ሌጎስ ያሉ ደረጃቸው ከፍ ያለ ሆቴሎች ዋነኛ ደንበኞቻቸው ሳሱባቸው።

ከሁሉም ውስብስቡ የምንዛሪ ጉዳይ ነው። የአገር ገንዘብ ሲረክስ ዶላር ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ነገር ይረክስለታል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 የገንዘቧን የባህትን ዋጋ ለገበያ ለቅቃ ምንዛሪው ከወደቀ በኋላ፣ ኢኮኖሚዋ በጽኑ ቢጎዳም፣ በ1998 እና በ1999 የጎብኚዎቿ ቁጥር ጨምሯል። ሆኖም ርካሽነት ብቻውን እንግዳ አይጠራም። በ2022 የስሪላንካ ሩፒ ከዶላር አንጻር በከፍተኛ መጠን ሲወድቅ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ተቃውሞም አደባባይ ወጣ፤ በ2018 ከ2.3 ሚሊዮን በላይ የነበሩት የውጭ ጎብኚዎች በዚያ ዓመት፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ካደረሰው ጉዳት ገና ባላገገመ ገበያ፣ ከ720 ሺህ አላለፉም። ሁለቱን አገሮች የለያቸው፣ በእኔ እምነት፣ የምንዛሪው መጠን ሳይሆን እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ መኝታው ያለ ስጋት መድረስ መቻሉ ነው።

የዋጋ ግሽበት በበኩሉ የአገር ውስጡን ደንበኛ ያርቃል፦ ሠርግና ስብሰባ ይቀንሳሉ፣ መንግሥትም ወጪ ሲቆጥብ አስቀድሞ የሚሰርዘው ዐውደ ጥናትና የመስክ ጉዞ ነው። በዚህ ላይ አሳንሰሩ፣ የጄኔሬተር መለዋወጫውና አንዳንዴም የግንባታው ብድር በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ሲሆኑ፣ ገቢው ግን በአገር ገንዘብ ነው።

ዛሬ ሳይሸጥ ያደረ ክፍል ነገ አይሸጥም፤ የጥበቃው፣ የጽዳቱና የወለዱ ወጪ ግን አይቆምም። በዚህም ምክንያት ባለኮከብ ሆቴሎች በቀውስ ጊዜ ዋጋ ቀንሰው የመካከለኛዎቹን ደንበኛ ይወስዳሉ፣ መካከለኛዎቹም የአነስተኛዎቹን። በአንጻሩ የነጋዴና የሾፌር ማረፊያ የሆኑት ርካሽ አልጋ ቤቶች፣ ገበያ እስካለ ድረስ መንገደኛ አይቋረጥምና፣ ብዙውን ጊዜ ከውጭ እንግዳ ላይ ብቻ ከተመሠረቱት ይልቅ ድንጋጤውን ይቋቋማሉ።

የአቅርቦት መዘግየት ችግሩን ያባብሰዋል። አንድ ሆቴል ከዕቅድ እስከ ምርቃት ዓመታት ስለሚወስድ፣ በጥሩ ዘመን በብድር የተጀመሩ ሕንጻዎች በሩን የሚከፍቱት አንዳንዴ ፍላጎቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አዲሶቹ ክፍሎች ያለውን ጥቂት እንግዳ ከነባሮቹ ጋር ይሻሙበታል።