የእንቅልፍ መዛባት፦ ዓይነቶቹና ሕክምናቸው

የእንቅልፍ መዛባት ሲባል እንቅልፍ አልመጣ ማለቱ፣ መቆራረጡ፣ ከልክ በላይ መብዛቱ ወይም ተኝተን ሳለን በሰውነታችን ላይ ያልተለመደ ነገር መድረሱ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ሌሊቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንጎል በየ90 ደቂቃው ገደማ ከቀላሉ እንቅልፍ ወደ ጥልቁ፣ ከዚያም ሕልም ወደሚበዛበት ደረጃ ይሸጋገራል።

ከችግሮቹ ሁሉ የሚበዛው እንቅልፍ ማጣት ነው። ሐዘን፣ ፈተና ወይም የሥራ ጭንቀት ጥቂት ሌሊቶችን ቢነሣ በሽታ አይባልም። በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየደጋገመ 3 ወር ሲሞላውና የቀን ውሎን ሲያበላሽ ግን ሥር ሰድዷል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ችግሩን የጀመረውና ችግሩን የሚያቆየው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ጭንቀቱ ካለፈ በኋላም ሰውየው ያጣውን ለማካካስ ገና በጊዜ ይተኛል፣ ረፋድ ድረስ አልጋ ላይ ይቆያል፣ ቀን ሸለብ ያደርጋል፣ ሌሊት ደግሞ ሰዓት እያየ የቀረውን ጊዜ ይቆጥራል። ውሎ አድሮ አልጋው የመገላበጫና የመብሰልሰያ ቦታ ይሆንና ገና ጋደም ሲል ይነቃል።

ስለዚህ ቀዳሚው ሕክምና ክኒን ሳይሆን እንቅልፍን የሚያውኩ ልማዶችንና ሐሳቦችን የሚያርም የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። አልጋ ለእንቅልፍና ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ብቻ ይሆናል። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን አንድ የሚያረጋጋ ነገር መሥራት፣ ዓይን ሲከብድ ብቻ መመለስ ነው። የመኝታው ሰዓት ቢለያይም የመነሻው ሰዓት በየቀኑ አንድ መሆን አለበት። ሌላው ዘዴ ጨካኝ ይመስላል፤ ለ9 ሰዓት ያህል ተጋድሞ ለ6 ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው አልጋ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ወደ 6 ሰዓት ይወርድና እንቅልፉ ሲጠነክር ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ተሽከርካሪ የሚያሽከረክር ሰውም ያለ ሐኪም ክትትል ሊሞክረው አይገባም። ውጤቱ ግን ድካሙን ይክሳል። የእንቅልፍ ክኒኖች ለአጭር ጊዜ ይረዱ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ግን ሱስ ያስይዛሉ፣ አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው ደግሞ በድንገት ማቋረጥ የለበትም።

ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው የሚለው እምነት እጅግ ያሳስበኛል። ከፍ ባለ ድምፅ የሚያንኮራፋ ሰው በመካከሉ ጸጥ ብሎ፣ ቆይቶ ትንፋሽ አጥሮት እንደሚባንን ሰው የሚነቃ ከሆነ የትንፋሽ መቋረጥ ሊኖርበት ይችላል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ የአየሩ መንገድ ይዘጋል፣ ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አንጎልም ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል። ሕመሙ በጠናበት ሰው ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል፤ ታማሚው ግን ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው የአፉን መድረቅ፣ የራስ ምታቱንና ቀን ቀን የሚጥለውን እንቅልፍ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ከጎኑ የሚተኛ ሰው ምስክርነት ለሐኪም ትልቅ ዋጋ ያለው። ውፍረት ቢያባብሰውም ቀጫጮችንም አይምርም፤ ችላ ሲባል ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል።

ምርመራው ሌሊቱን ትንፋሽንና ኦክስጅንን በመሣሪያ መከታተል ነው። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ ከአልኮልና ከሚያደነዝዝ ማስታገሻ መራቅ ይረዳሉ። ጠንከር ላለው ሕመም ዋናው መፍትሔ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት አድርጎ የሚያሳድር መሣሪያ ነው። ብዙዎች ጭምብሉ ስለማይመቻቸው ቶሎ ይተዉታል፤ መጠኑን ማስቀየርና ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይገባል።

ማታ ማታ እግርን «አንቀሳቅሰኝ» የሚያሰኝና ሲራመዱ የሚለቅ ስሜት ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። በእርግዝና፣ በኩላሊት ሕመምና በሰውነት የብረት ክምችት ማነስ ይባባሳልና የደም ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ናርኮሌፕሲ ብዙ አይከሰትም፤ ግን ተጠቂዎቹ ሰነፍ እየተባሉ ስለሚኖሩ ሊታወቅ ይገባል። ንቃትን የሚያጸና ኦሬክሲን የተባለ ኬሚካል ሲጎድል ሰው በቀን መካከል በእንቅልፍ ይሸነፋል፤ አንዳንዱም ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ፈውስ ባይኖረውም መድኃኒትና በሰዓት የተወሰነ አጭር እንቅልፍ ኑሮውን ያቀልለታል።

ዱካክ፣ ማለትም ነቅቶ መንቀሳቀስ አለመቻል፣ አእምሮ ከጡንቻዎች ቀድሞ ሲነቃ የሚከሰት ነው። ያስፈራል እንጂ በራሱ አይጎዳም። በእንቅልፍ ልብ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ሕፃናት ናቸው፤ በር ቆልፎ፣ በእርጋታ ወደ አልጋ መመለስ ይበቃል። በዕድሜ የገፋ ሰው በሕልሙ እየተማታ የሚራገጥ ከሆነ ግን የነርቭ ሐኪም ይየው፤ የፓርኪንሰን በሽታ ቅድመ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት የመኝታና የመነሻ ሰዓትን፣ የሌሊት መባነንን፣ ቡናና መድኃኒት የተወሰደበትን ጊዜ ለ2 ሳምንት መመዝገብ ምርመራውን ያፋጥነዋል። መሪ ጨብጦ የሚያንጎላጅ ሰው ግን 2 ሳምንት አይጠብቅ፤ እስኪታከም ድረስ ከማሽከርከር ይቆጠብ።