አንጓውን አሰራችሁት፤ አውራ ጣቱስ?

ታካሚው ገና ሳይቀመጥ እጁን ያሳየኛል። የእጁ አንጓ በፋሻ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል። አውራ ጣቱ ግን ከፋሻው ውጭ ሆኖ ስልክ ይነካካል። «ሁለት ወር ሙሉ አስሬዋለሁ፤ ምንም ጠብ አላለልኝም» ይለኛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። በአውራ ጣት በኩል ስላለው የእጅ አንጓ ህመም ታካሚዎች የሚሉኝን አንድ በአንድ እንየው።

«የሚያመኝ አንጓዬ ነው፤ አንጓዬን ልሰረው»

ህመሙ አንጓ ላይ ነው፤ ችግሩን የሚቀሰቅሰው ግን አውራ ጣት ነው። አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚዘረጉ ሁለት ጅማቶች አሉ። ከክንድ ተነስተው በአንጓው ጎን፣ አጥንቱ ጎላ ብሎ በሚዳሰስበት ቦታ፣ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። የመተላለፊያዋ ሽፋን ሲወፍር ቦታው ይጠባቸዋል። ከዚያ በኋላ ጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፈተጋሉ። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን በ1895 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት፣ ህመሙ እስከዛሬ በእሱ ስም «የደ ኬርቫን ህመም» ተብሎ ይጠራል።

እንግዲህ አስቡት። አንጓውን ትጠፍራላችሁ፤ ጅማቶቹን ቀኑን ሙሉ የሚጎትተውን ጣት ግን ትለቁታላችሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ፋሻው በጣም ሲጠብቅ ደግሞ እዚያው ቆዳ ስር የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። ከዚያ «አሁን ደግሞ የእጄ ጀርባ ይደነዝዘኛል» ብላችሁ ትመጣላችሁ።

የሚጠቅመው አንጓውንም አውራ ጣቱንም ከመሠረቱ አንድ ላይ የሚይዝ ድጋፍ ነው። የጣቱ ጫፍ ቢታጠፍ ግድ የለም። ለጥቂት ሳምንታት ይደረጋል፤ በየመሃሉ እየወለቀ እጁ በቀስታ ይንቀሳቀሳል።

ድጋፉ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዲት እናት በትክክለኛው ድጋፍም አልሻል አላት። «ልጁን ስታነሺው አሳዪኝ» አልኳት። አውራ ጣቶቿን ከሌሎቹ ጣቶች በርግዳ በብብቱ ስር አስገባች። አንጓዎቿን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጠፈች። ከዚያ ብድግ! «በቀን ስንት ጊዜ?» አልኳት። ሳቀች። «ማን ቆጥሮት!»

ያን ቀን የሠራነው ሥራ ይሄው ነበር። አንድ እጅ ከመቀመጫው ስር፣ ሌላው ከጀርባው፤ መዳፍ ወደ ላይ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር ተጠግቶ። ክብደቱን ጣት ሳይሆን ክንድ ይሸከማል። በአምስተኛው ሳምንት ስትመጣ ድጋፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታው ነበር። ድስት ስታነሱ፣ ጨርቅ ስትጨምቁ፣ ክዳን ስትከፍቱም ያው ነው፤ አውራ ጣትን በርግዶ አንጓን ማጠፍ ይቅር።

«ኤክስሬዩ ደህና ነው፤ ስለዚህ ምንም የለብኝም»

ኤክስሬይ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። አለቀ።

«የስልክ በሽታ ነው»

በ1895 ማን ስልክ ይነካካ ነበር? ስልክ ያባብሰዋል፤ እውነት ነው። ግን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ።

«በደንብ ሲታሽ ይለቃል»

የተቆጣ ቦታ ላይ አውራ ጣት ተክሎ መፈተግ ምን እንዲለቅ ነው? ተዉት።

«በጡጫው ልፈትነው»

አውራ ጣትን በጡጫ ውስጥ ደብቆ አንጓን ወደ ትንሿ ጣት ማጠፍ፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ያየው ምርመራ ነው። የፊንክልስታይን ምርመራ ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙ ግን የአይክሆፍ ምርመራ ነው። ጤነኛ እጅንም ያማል። ለማንኛውም፣ «ዛሬስ ተሻለኝ?» እያላችሁ በቀን አሥር ጊዜ አታድርጉት። አንዱ ታካሚዬ ህመሙን ያቆየው በዚሁ ነው።

«መርፌው ጅማት ይበጥሳል»

የስቴሮይድ (የተቆጣውን ቦታ የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ የሚሰጠው ጅማቱ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሽፋን ውስጥ ነው። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት መርፌ ይገላገላሉ። ጉዳት የለውም አልልም፤ የተወጋው ቦታ ሊነጣ፣ ከቆዳው ስር ያለው ስብም ሊሳሳ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ። መርፌውም ካልሠራ የመተላለፊያዋን ጣሪያ የሚከፍት አነስተኛ ቀዶ ሕክምና አለ።

«አውራ ጣት በኩል ካመመ ያው እሱ ነው»

አይደለም። ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከደነዘዙ ነገሩ ሌላ ነርቭ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ የጣቱ መሠረት ላይ ከሆነ የሚያመው፣ መገጣጠሚያው ራሱ ይሆናል። ቦታው ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን መታየት ነው። በእጃችሁ ተደግፋችሁ ወድቃችሁ ከሆነ ደግሞ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ተዉት። ከአውራ ጣት ግርጌ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰበር በመጀመሪያው ኤክስሬይ ላትታይ ትችላለች። «ደህና ነው» ተብላችሁም ህመሙ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ።