የምዕራፍ ዕቅድ፦ ግብ፣ ዝርዝር ዓላማና የክፍል ውስጥ ተግባራት

የምዕራፍ ዕቅድ በዓመታዊው ዕቅድና በዕለታዊው የትምህርት ዕቅድ መካከል ያለ የመምህሩ የሥራ ሰነድ ሲሆን፣ አንድን ርዕሰ ጉዳይ ከመግቢያው እስከ ምዘናው አጠቃሎ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ይሸፍናል። ዓመታዊው ዕቅድ ምዕራፎችን በወራት ይደለድላል፤ ዕለታዊው የአንዱን ክፍለ ጊዜ ደቂቃዎች ያከፋፍላል። የቱ በጥልቀት ይሰጥ፣ የቱ በወፍ በረር ይታለፍ፣ ተማሪው በመጨረሻ ምን ሠርቶ ያሳይ የሚለው ግን የሚቆረጠው በምዕራፍ ዕቅዱ ላይ ነው። የመምህርነት ሙያ ከባዱ የሐሳብ ሥራ ያለውም እዚሁ ነው፤ ይህ ሥራ ከክፍል ውጭ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም።

ትምህርትን በተራ ደረጃዎች የማዘጋጀት ልማድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመናዊው ፈላስፋ ዮሃን ፍሪድሪክ ሄርባርት ተከታዮች ተስፋፋ። በ1926 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሪሰን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምዕራፍ ተከፍሎ እንዲሰጥ የሚያስችል ዘዴ አቀረበ።

የዛሬው አሠራር መሠረት የተጣለው ግን ከ1949 እስከ 1962 ባሉት ዓመታት ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ራልፍ ታይለር በ1930ዎቹ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተካሄደው «የስምንት ዓመቱ ጥናት» የምዘናውን ሥራ መርቶ ነበር። በ1949 አራት ጥያቄዎችን አስቀመጠ፦ ልናሳካው የምንፈልገው ዓላማ ምንድን ነው? ወደዚያ የሚያደርሰው የመማር ተሞክሮ የቱ ነው? ተሞክሮው እንዴት ይደራጅ? ዓላማው መሳካቱን በምን እናውቃለን? ከፊሎች የሐሳቡን ምንጭ ከታይለር በፊት ወደነበረው ወደ ፍራንክሊን ቦቢት ይወስዱታል፤ በዚህ ቅርጽ አሳጥሮና አጥርቶ ያቀረበው ግን ታይለር መሆኑ አያከራክርም።

በዚያው ጥናት አብራው የሠራችው የኢስቶኒያ ተወላጅ ሂልዳ ታባ በ1962 ነገሩን ከታች ወደ ላይ ገለበጠችው። ሥርዓተ ትምህርት ከቢሮ ተዘጋጅቶ ወደ ክፍል ከሚወርድ ይልቅ፣ መምህራን ራሳቸው ምዕራፎችን ነድፈው በክፍላቸው ይፈትሹ፣ አጠቃላዩ ማዕቀፍም ከዚያ ይሠራ አለች። የመጀመሪያው ርምጃዋ የተማሪዎችን ፍላጎትና ክፍተት መለየት ነው፤ ዓላማ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩን ከፈጻሚነት አውጥቶ ነዳፊ ያደረገ አቋም በመሆኑ ታባ ከምታገኘው የላቀ ስፍራ ይገባታል።

ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1948 በቦስተን በተደረገ የፈታኞች ስብሰባ የጀመሩትን ሐሳብ ይዘው፣ በ1956 የዕውቀት ዘርፍ ዓላማዎችን በስድስት ደረጃ መደቡ፦ ዕውቀት፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ ማዋሐድና መገምገም። በ2001 በተደረገው ማሻሻያ ስሞቹ ወደ ግስ ተለውጠው «መፍጠር» የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። ሮበርት ሜገር ደግሞ በ1962 አንድ ዝርዝር ዓላማ ሦስት ነገር እንዲይዝ ጠየቀ፦ ተማሪው የሚያደርገው የሚታይ ተግባር፣ የሚያደርግበት ሁኔታና የሚጠበቅበት ደረጃ።

ግብና ዝርዝር ዓላማ የሚለያዩትም በዚሁ ነው። የክፍልፋይ ምዕራፍን እንውሰድ። «ተማሪዎች ክፍልፋይ የአንድ ሙሉ ነገር ድርሻ መሆኑን ይረዳሉ» ግብ ነው፤ አቅጣጫ ያሳያል፣ ግን በአንድ ቀን አይለካም። «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ያለ ካልኩሌተር ይደምራሉ፤ ከአሥር ጥያቄ ቢያንስ ስምንቱን በትክክል ይሠራሉ» ዝርዝር ዓላማ ነው። በዚህ ርዕስ የታወቀው ስሕተት ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር መደመር ነው፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ጥሩ ዕቅድ ይህን ስሕተት አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ተግባሩንም በእሱ ላይ ይመሠርታል። ተማሪዎች እኩል ርዝመት ያላቸውን የወረቀት ቁራጮች ለሁለት፣ ለሦስትና ለአምስት አጥፈው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ 2/5 ከ1/2 እንኳ እንደሚያንስ በዓይናቸው ያያሉ። ሲደምሩ እንዴት ያንሳል? የሚለው ጥያቄ ከራሳቸው ሲመጣ፣ ለስድስት አጥፈው 3/6 እና 2/6 ድምራቸው 5/6 መሆኑን ያገኛሉ። የጋራ ታህት የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ይገባቸዋል።

ተግባር ከዓላማ ሲነጠል ግን ዕቅዱ ይፈርሳል። በየክፍለ ጊዜው «የቡድን ውይይት» ብሎ መሙላት የተለመደ ነው፤ ቡድኑ ምን ሠርቶ እንደሚያቀርብ ካልተጻፈ የተያዘ ሰዓት እንጂ የተያዘ ትምህርት የለም። ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ በ1998 ያስፋፉት ከመጨረሻው ወደ ኋላ የማቀድ ዘዴ ይህን ይከላከላል፤ የሚፈለገው ውጤት ይወሰናል፣ የምዘናው ማስረጃ ይዘጋጃል፣ ተግባራት የሚመረጡት በመጨረሻ ነው።

የትምህርት ምሁራኑ ኤሊዮት አይስነር በ1967፣ ሎውረንስ ስቴንሃውስ በ1975 ሁሉንም ትምህርት ቀድሞ በተጻፈ የባሕርይ ዓላማ፣ ማለትም ተማሪው በሚያሳየው የሚታይ ተግባር፣ መለካትን ተችተዋል። ለሥነ ጥበብና ለሥነ ጽሑፍ ትችታቸው ሚዛን ይደፋል፤ የአንድ ግጥም ንባብ ወዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ መጻፍ ያስቸግራል። ለሒሳብ ምናልባት ያን ያህል ላይሠራ ይችላል።

የጊዜ አመዳደብን በተመለከተ፣ ከምዕራፉ ክፍለ ጊዜዎች ቢያንስ አንዱን ለክለሳና ላልገባቸው ተማሪዎች ማካካሻ ባዶ መተው ይመከራል። በዕቅዱ ሰንጠረዥ ዳር የሚተወው የአስተያየት ዓምድም ምዕራፉ እንዳለቀ ወዲያው ይሞላል፦ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት ሦስት የፈጀው ንዑስ ርዕስ፣ ያልሠራው ተግባር፣ ብዙዎች የሳቱት ጥያቄ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚጀመረው ከዚህ ዓምድ ነው።