የሜዳ አህያ ስንት ዝርያ አላት?

ሦስት። ግን ሌላ ቦታ አራት ተብሎ ብታዩ አትደንግጡ፣ ያም ስህተት ላይሆን ይችላል።

ችግሩ ያለው "ዝርያ" የምትለው ቃል ላይ ነው፤ እኛ ለበሬውም ለጤፉም ለድንቹም ዝርያ እንላለን። በሳይንሱ ግን በተፈጥሮ እየተዳቀሉ መውለድ የሚችል ልጅ የሚያፈሩ እንስሳት ናቸው አንድ ዝርያ የሚባሉት። ፈረስና አህያ በቅሎ ይወልዳሉ፣ በቅሎዋ ግን መካን ናት፣ ስለዚህ ሁለት ዝርያ ናቸው። (ለዚህ ነው አባቷን ሲጠይቋት ፈረስ አጎቴ ነው ብላ የምትሸሸው።)

ከሦስቱ የሜዳ አህያ ዝርያዎች እኛ አገር ሁለቱ አሉ፦ አንዷ ነጭ ሳር ፓርክ የምናያት፣ የሜዳማ ቦታዋ ናት፤ ሌላዋ ቀጭን መስመርና ትልልቅ ጆሮ ያላት ግሬቪ። ግሬቪ የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ስም ነው፤ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንዷን ልከውለት ነው ስሙ የቀረው። ሦስተኛዋ የተራራዋ ናት፣ ደቡባዊ አፍሪካ። እሷ ሁለት ንዑስ ዝርያ አላት፣ አንዳንዱ ሊቅ እነዚህን እንደ ሁለት ሙሉ ዝርያ ይቆጥራቸዋል። አራት የምትለው ቁጥር ከዚህ ነው የምትመጣው።

ቀጭኔማ ይብሳል። ለብዙ ዘመን አንድ ዝርያ ነበር፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት ነው አለ። አዲስ ቀጭኔ ተገኝቶ እንዳይመስላችሁ፣ የዘረመል ጥናቱ ነው የለያቸው።