ኑግም ዘር ይቆጥራል

በጥቅምት የጎጃም የኑግ ማሳ ቢጫ ሲለብስ የቆየ ቅሬታ አብሮ ያብባል፦ «የጎረቤቴ ንቦች አበባዬን መጥጠው ጨረሱት፤ ዘንድሮ ፍሬ የለም።» ንቧ የምትቀስመው ወለላና የአበባ ብናኝ ነው፤ ፍሬው አይነካም። እንዲያውም ያለ እርሷ ኑጉ አይሞላም። ካሳ የሚጠይቅ ካለ ባለ ቀፎው መሆን ነበረበት።

«አበባው ወንዴም ሴቴም አለው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ይህኛው የተማረውንም ያሳስታል። አንድ የኑግ ራስ ቀርባችሁ እዩ። አንድ አበባ ይመስላል እንጂ በመሐሉ የታጨቁት ብዙ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። እያንዳንዷ መጀመሪያ ብናኟን ገፍታ ወደ ላይ ታወጣለች፤ ቀጥሎ የሴቴው ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ይከፈታል። የዚያው ተክል ብናኝ ቢያርፍበት ግን ለይቶ ያግደዋል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ኑግ የሚመለከተው አንድ መለያ ዘረ መልን ነው። መለያው ከተመሳሰለ እህትና ወንድም የሆኑ ተክሎችም ላይጋቡ ይችላሉ። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ቢባልም ሰሊጥ በዚህ ነገር አይመስለውም፤ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ያፈራል። ጤፍም እንደዚሁ።

«ነፋስ ያደርስለታል»

ለበቆሎ ልክ ነው። የኑግ ብናኝ ግን እሾሃማና ተጣባቂ ስለሆነ የነፍሳት ጠጉር ይፈልጋል። የማር ንብ ብቻ አይደለችም፤ ሌሎች የዱር ንቦችና ዝንቦችም ያግዛሉ።

«አብቦ ፍሬ ያልያዘ ቁጥቋጦ መካን ነው»

ስንቱ በዚህ ፍርድ ተቆርጦ ማገዶ ሆኗል! የኑግን ሕግ የሚከተሉ የዱር ቁጥቋጦዎች ብዙ ናቸው። ዙሪያው ሲመነጠር ብቻውን የቀረ ቁጥቋጦ በየዓመቱ ቢያብብም ባዕድ ብናኝ ካልደረሰው ባዶውን ይከርማል። ከእርሱ አሥር ቅርንጫፍ ቆርጦ አጠገቡ መትከልም አይፈይድም፤ አሥሩም እርሱው ራሱ ናቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ችግኝ ይበልጣል። ኮሶማ ከዚህም ይለያል፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ወንዴው ዘር ባለመያዙ ሊወቀስ አይገባም።

«ፀረ ተባይ ንብን አይነካም»

ብዙዎቹ ይገድሏታል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባው ሳይፈካ ይሁን፤ ከፈካ ደግሞ አመሻሽ ላይ፣ ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ።

ንብ የጎበኘውን ማሳ ለማወቅ በኅዳር አንድ የደረቀ ራስ መዳፍ ላይ ማሸት ይበቃል። ብናኝ የደረሰው ፍሬ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ጥፍርን ይቋቋማል፤ ያልደረሰው ገርጥቶ እፍ ሲሉት ይበርራል።